ጸጥ ብሎ የሚያቀዘቅዝ፦ ለቆላ ክፍል የኮምፒዩተር ማቀዝቀዣ አመራረጥ



«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት በእኔ ላይ በትክክል ደርሷል። ነገሩ እንዲህ ነው።

ለማስተማር ልምምድ የተመደብኩት በዋጃና በቆቦ መካከል ባለው ሜዳ ላይ በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበር። እኔ ራሴ የዋጃ ልጅ ስለሆንኩ ሙቀቱ አዲስ አልሆነብኝም። አዲስ የሆነብኝ የኮምፒዩተሩ ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም፤ ውስጡ አራት አሮጌ ኮምፒዩተሮች አሉ። ጧት ሦስት ሰዓት ላይ ገና ሲከፈቱ ድምፃቸው ደኅና ነው። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ግን አራቱም እንደ ወፍጮ ቤት ያጓራሉ። ከኋላ የተቀመጡት ልጆች «ቲቸር፣ አይሰማም!» ይላሉ፤ እኔም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ሲቃረብ አንደኛው ኮምፒዩተር ድርግም አለ። አንዲት የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሠንጠረዥ ስትሠራበት ቆይታ ነበርና ሥራዋ ሳይቀመጥ ጠፋ። ልጅቷ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አንሥታ «እኔ ነኝ ያበላሸሁት?» አለችኝ።

እኔም እንደ ዐዋቂ ሆኜ «ፋኑ ደክሞ ነው፤ ሌላ ማቀዝቀዣ ይገዛ» ብዬ ለርእሰ መምህሩ ተናገርኩ። የወላጅ፣ የመምህርና የተማሪ ኅብረት ለጠመኔና ለደብተር ካስቀመጠው ላይ ገንዘብ ቀንሶ ሰጠኝ። ከተማ ወርጄ ግዙፉንና ባለ መብራቱን መርጬ ገዛሁ። አምጥቼ ብሞክረው ቀዳዳው አልገጠመም፤ ቁመቱም ከሣጥኑ በልጦ ክዳኑ አልዘጋ አለ። ልመልሰው ብሄድ ሻጩ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» አለኝ። በማግሥቱ የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ የድሮውን ማቀዝቀዣ ፈትተው «ና እስቲ ልጄ፣ ይቺን እይልኝ» አሉኝ። ከፋኑ ሥር አቧራ እንደ ብርድ ልብስ ተነባብሯል። በቀለም መቀቢያ ብሩሽ ጠራርገው መለሱት፤ ኮምፒዩተሩም ያን ቀን ሳይጠፋ ዋለ። እኔ የገዛሁት ዕቃ ግን እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

ይህን በግድግዳ ላይ የለጠፍኩት ራሴን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ነገ ሁላችንም ወደየትምህርት ቤቱ እንበተናለን። እንደሚታወቀው በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በአካባቢያችን በነበረው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ንብረታቸውን አጥተዋል። ስለዚህ አንዲት አሮጌ ኮምፒዩተር ለብዙ ልጆች የምታገለግልበት ቦታ ጥቂት አይደለም። «ምን እንግዛ?» ተብለን ስንጠየቅ በግምት የምንመልስ ከሆነ የምናባክነው የሕዝብ ገንዘብ ነው። ስለሆነም ከዚያ ወዲህ አንብቤና መምህራንን ጠይቄ የተረዳሁትን ከዚህ በታች በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. ፕሮሰሰር ለምን ይሞቃል?

በመጀመሪያ ስም እናስተካክል። ብዙዎቻችን «ሲፒዩ» የምንለው ሙሉውን ሣጥን ነው። በትክክሉ ግን ሲፒዩ ወይም ፕሮሰሰር ማለት በሣጥኑ ውስጥ፣ ማዘርቦርድ በሚባለው ሰሌዳ ላይ የተቀመጠው፣ ከክብሪት ሣጥን የማይበልጥ ጠፍጣፋ ዕቃ ነው። ሒሳቡን ሁሉ የሚሠራው እርሱ ነው። ሣጥኑን በዚህ ጽሑፍ «ኬዝ» እለዋለሁ።

ፕሮሰሰር የሚወስደው የኤሌክትሪክ ኀይል ከሞላ ጎደል ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ከእንጀራ ምጣድ ጋር እናስተያየው። 3,500 ዋት የሚወስድና ከዳር እስከ ዳር 58 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኤሌክትሪክ ምጣድ ቢኖረን፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው 1.3 ዋት ያህል ነው። ኮር አይ 5-4570 የተባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ደግሞ እስከ 84 ዋት ድረስ የሚገመት ሲሆን፣ በውስጡ የምትሞቀው ቁራጭ ስፋቷ 1.77 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህ በካሬ ሳንቲ ሜትር ወደ 47 ዋት ይደርሳል። እንግዲህ ስፋትን ከስፋት ጋር ስናወዳድር የፕሮሰሰሯ ሙቀት ከምጣዱ 36 ጊዜ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ምጣድ ላይ የሚያርፈውን ሙቀት ሊጡ ይወስድለታል። ከፕሮሰሰሩ ላይ ግን የሚወስድለት ካልተገኘ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ከልክ በላይ ይሞቃል።

ይህ ችግር ድሮ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የኢንቴል 8086 ማቀዝቀዣ ሳይኖረው ይሠራ ነበር። በ1993 የወጣው ፔንቲየም ወደ 15 ዋት ሲደርስ ፋን ማስፈለጉ ተለመደ። በ2004 ግን አንዳንዶቹ የፔንቲየም 4 ዓይነቶች 100 ዋትን አለፉ። ማቀዝቀዣ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ የሆነው እንዲህ ነው።

የዛሬ ፕሮሰሰር ራሱን ይጠብቃል። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ። ይህም ካልበቃ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ይጠፋል። የእኛ ክፍል ኮምፒዩተር ስድስት ሰዓት ላይ ድርግም ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

፪. ሙቀቱ በምን መንገድ ይወጣል?

ሙቀት ከፕሮሰሰሩ ወጥቶ ወደ አየር እስኪደርስ ድረስ አራት ጣቢያዎችን ያልፋል። አንዱ ከተዘጋ ሌሎቹ ዋጋ የላቸውም።

ሀ/ ፔስት፦ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው ብረት መካከል የሚቀባ ቅባት ነው። ሁለቱም ብረቶች ለዓይን ለስላሳ ይምሰሉ እንጂ ጥቃቅን ሸካራነት አላቸው፤ ሲገጣጠሙ በመካከላቸው አየር ይቀራል። አየር ደግሞ ሙቀት በማስተላለፍ ረገድ ከመዳብ ከ15,000 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ጭቃ ቤት ሲመረግ ምርጊቱ በእንጨቱ መካከል ያለውን ክፍተት እንደሚደፍን፣ ፔስቱም ያንን የአየር ክፍተት ይደፍናል። ፔስት ራሱ ከመዳብ እጅግ ያነሰ አስተላላፊ ስለሆነ ሲበዛ ይጎዳል። መጠኑ ከምስር ፍሬ ተለቅ፣ ከሽምብራ ፍሬ አነስ ያለ ነጠብጣብ ይበቃል።

ለ/ ሂትሲንክ፦ ሙቀቱን ተቀብሎ የሚያሰፋው ብረት ነው። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተደረደሩ ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች አሉት። ቅጠሎቹ በዙ ማለት አየር የሚነካው ስፋት በዛ ማለት ነው።

ሐ/ የሙቀት ቧንቧ፦ ደኅና በሆኑት ማቀዝቀዣዎች ላይ ከሥር ወደ ቅጠሎቹ የሚወጡ ቀጫጭን የመዳብ ቧንቧዎች ይታያሉ። እኔ ድፍን ብረት ይመስሉኝ ነበር። ውስጣቸው ግን ክፍት ሆኖ ጥቂት ውሃ አለበት፤ አየሩ ተመጥጦ ስለወጣ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። አሠራሩን የአረቄ አወጣጥን ያየ ሰው በቀላሉ ይረዳዋል። እሳቱ ላይ ያለው ማሰሮ ይፈላል፤ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ ቀዝቃዛው ዘንድ ሲደርስ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። በቧንቧውም ውስጥ እንዲሁ ነው፤ ውሃው በፕሮሰሰሩ በኩል ይፈላል፣ እንፋሎቱ በቅጠሎቹ በኩል ይቀዘቅዛል። የአረቄው ፈሳሽ ወደ ጠርሙስ ይሄዳል፤ የቧንቧው ውሃ ግን ወደ መጣበት መመለስ አለበት። የሚመልሰውም በቧንቧው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ያለ ባለ ቀዳዳ ሽፋን ነው፤ ልክ የኩራዝ ክር ጋዙን ስቦ እንደሚያወጣ ማለት ነው። ይህ ዘዴ በእጅጉ የታወቀው አሜሪካዊው ጆርጅ ግሮቨር እ.ኤ.አ. በ1963 በሎስ አላሞስ ቤተ ሙከራ ከሠራበት በኋላ ነው።

መ/ ፋን፦ የሞቀውን አየር ከቅጠሎቹ መካከል ገፍቶ አዲስ አየር ያስገባል። ፋን ራሱ አያቀዘቅዝም፤ ሥራው አየር መለወጥ ነው። የሚጮኸውም በአብዛኛው እርሱ ነው።

፫. የቆላ ሒሳብ

ማቀዝቀዣ ሲሸጥ «እጅግ ቀዝቃዛ ነው» ይባላል። ታዲያ በየት አገር አየር? እዚህ ላይ አንዲት ቀላል ሒሳብ አለች፦

የፕሮሰሰሩ ሙቀት = የአየሩ ሙቀት + (የሚወጣው ዋት × የማቀዝቀዣው ተቃውሞ)

ተቃውሞ ማለት ለእያንዳንዱ ዋት ስንት ዲግሪ እንደሚጨምር የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ያነሰ ከሆነ ማቀዝቀዣው ጥሩ ነው። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት፣ የማቀዝቀዣው ተቃውሞ 0.5 ነው እንበል። የሚጨምረው 32.5 ዲግሪ ይሆናል። ደሴ ላይ የክፍሉ አየር 20 ዲግሪ ቢሆን ፕሮሰሰሩ 52.5 ላይ ይቆማል። በእኛ ሜዳ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ አየሩ 35 ቢሆን ግን 67.5 ይደርሳል። እስከዚህ ድረስ አያሰጋም።

አሁን አቧራ ገብቶ፣ ፔስቱም ደርቆ ተቃውሞው ወደ 0.9 ከፍ አለ እንበል። የሚጨምረው 58.5 ዲግሪ ሆነ። ደሴ ላይ ያለው ኮምፒዩተር 78.5 ላይ ሆኖ ሥራውን ይቀጥላል፤ ባለቤቱም ምንም አያውቅም። የእኛው ግን 93.5 ይደርሳል። በኬዙ ውስጥ ያለው አየር ከክፍሉ አየር ጥቂት ዲግሪ ስለሚበልጥ 100 ዲግሪ ገባ ማለት ነው። እንግዲህ ደጋ ላይ ሳይታወቅ የሚታለፈው ጥፋት ቆላ ላይ ኮምፒዩተሩን ያጠፋዋል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፤ ማቀዝቀዣ የሚመረጠው በካርቶኑ ላይ በተጻፈው ውዳሴ ሳይሆን በራሳችን አየርና በራሳችን አቧራ ተለክቶ ነው።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,470 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። ቆላ እንበለው እንጂ ከባሕር ዳርቻ አገሮች ጋር ሲተያይ አየራችን በግምት 15 በመቶ የሳሳ ነው። ፋኑ በደቂቃ ያንኑ ያህል ጊዜ ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ተሸክሞ የሚሄደው ሙቀትም ያንሳል። ስለዚህ በባሕር ጠለል ልክ ከሚበቃው ማቀዝቀዣ ትንሽ አለፍ ያለ መምረጥ ብክነት አይደለም።

ከሒሳቡ ሌላም ትምህርት ይገኛል። በአየር የሚሠራ ማቀዝቀዣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አይችልም። መስኮት መክፈት፣ ኮርኒስ ማሠራት፣ ፀሐይ ከማይመታው ግድግዳ ጋር ማስቀመጥ፣ እነዚህ ሁሉ የማቀዝቀዣው አካል ናቸው።

፬. ጩኸቱ ከየት ይመጣል?

«ይጩኽ፤ ምን አለበት? ይሥራ እንጂ» የሚል ሊኖር ይችላል። እኔም እንዲያ እል ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በትምህርት ጊዜ የክፍል ውስጥ የጀርባ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ መክሯል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ልጆች ያልሰሙትን ሊማሩ አይችሉም። በተለይ በሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ልጅ አንዲት ፊደል ካመለጠችው ቃሉ ያመልጠዋል። መምህሩም ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ውሎ ማታ ድምፁ ይዘጋል።

በዴሲቤል ሒሳብ ሁለት እኩል የሚጮኹ ኮምፒዩተሮች አንድ ላይ ሲሆኑ 3 ዴሲቤል ይጨምራሉ፤ ዐሥር ሲሆኑ 10 ዴሲቤል ይጨምራሉ። 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሯችን ድምፁ እጥፍ የሆነ ያህል ይሰማዋል። ስለዚህ ለአንድ ቢሮ የማያስቸግር ፋን ለኮምፒዩተር ክፍል ያስቸግራል።

መፍትሔውም ከዚሁ ይገኛል። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀነስ ጩኸቱ 15 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል። ነገር ግን ፍጥነቱ ሲቀንስ አየሩም ይቀንሳል። ታዲያ ምን ይሻላል? ፋኑን ማስፋት ነው። 120 ሚሊ ሜትር የሆነ ፋን ከ80 ሚሊ ሜትሩ 2.25 ጊዜ የሚበልጥ ስፋት አለው። ስለዚህ ቀስ ብሎ እየዞረ በቂ አየር ያመጣል። የአንጥረኛ ወናፍ በጠባብ አፉ ሲተነፍስ ይጮኻል፤ ሰፌድ ግን ሰፊውን አየር ቀስ አድርጎ ስለሚገፋ እምብዛም አይሰማም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ማለት እዚህ ላይ ነው። በአጭሩ ጸጥታ የሚገኘው ከሰፊ ሂትሲንክና ዝግ ብሎ ከሚዞር ትልቅ ፋን ነው።

ጩኸት ሁሉ ግን ከፍጥነት አይመጣም። ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከተሰማ ሽቦ ፋኑን እየነካው ሊሆን ይችላል። ጥርስ የማፋጨት ዓይነት ድምፅ ከሆነ የፋኑ መሽከርከሪያ ቅባቱ ደርቋል። ጠረጴዛው አብሮ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ብሎን ላልቷል። ይህን ለይቶ ማዳመጥ ብዙ ገንዘብ ያድናል።

፭. ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሥራ

በእኔ እምነት ከሁሉ የተሻለው ማቀዝቀዣ አስቀድሞ ኬዙ ውስጥ ያለው ነው፤ ከጸዳ። ስለዚህ ገንዘብ ከመጠየቃችን በፊት የሚከተለውን እናድርግ።

አንደኛ፣ ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ገመዱን ከሶኬት እንንቀል። ክዳኑን ከፍተን ፋኑን በጣት ወይም በእንጨት ያዝ አድርገን በለስላሳ ብሩሽ እንጥረግ። ብሎወር ያለው ሰው በሩቁ ይንፋበት። ፋኑን ሳይይዙ መንፋት ግን ከልክ በላይ እያሽከረከረ መሽከርከሪያውን ይጎዳዋል። ከፋኑ ሥር በቅጠሎቹ መካከል የተነባበረውን ማውጣት አይረሳ፤ ከላይ ሲያዩት የጸዳ ይመስላል፣ ችግሩ ያለው ከሥር ነው።

ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዣው ተጣብቆ መቀመጡን እንይ። ብዙዎቹ የኢንቴል ማቀዝቀዣዎች በአራት የፕላስቲክ እግሮች ይያዛሉ፤ አንደኛዋ እግር ከተነሣች ብረቱ ያጋድላል። እግሮቹ የሚጫኑት በሰያፍ ጥንድ ጥንድ እየተደረጉ ነው፤ እያንዳንዷ ስትገባ ድምፅ ታሰማለች።

ሦስተኛ፣ ማቀዝቀዣው ከተነቀለ የድሮው ፔስት በንጹሕ ጨርቅና ከመድኀኒት ቤት በሚገኝ አልኮል ይጠረግና አዲስ ይቀባ። አሮጌውን መልሶ መግጠም በደረቀ ምርጊት ላይ እንደመመረግ ነው።

አራተኛ፣ ያለበትን ቦታ እንመልከት። ኬዙ መሬት ላይ ከሆነ አቧራውን የሚስበው ከእግራችን ሥር ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ከግድግዳ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ክፍሉ ከመጠረጉ በፊት ውሃ ይረጭ፤ በሚጠረግበት ጊዜም ኮምፒዩተሩ ይጥፋ። እናቶቻችን ለጌጥ የሠሩትን ጥልፍ ማልበስ መልካም ነው፤ ግን ሲጠፋ ነው እንጂ እየሠራ አይደለም። እየሠራ ጥልፍ የለበሰ ኮምፒዩተር በሰኔ ፀሐይ ጋቢ እንደለበሰ ሰው ነው።

ከዚህ በኋላ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ በቁጥር እንይ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ባዮስ የሚባለው ገጽ ውስጥ የፕሮሰሰሩ ሙቀትና የፋኑ ፍጥነት ይጻፋል። ቁጥሩን ከማጽዳት በፊትና በኋላ መዝግቦ ማወዳደር ለተማሪዎችም ጥሩ የሳይንስ ትምህርት ይሆናል።

፮. መግዛት ግድ ሲሆን

ይህ ሁሉ ተደርጎ ፋኑ ከተበላሸ ወይም ማቀዝቀዣው ካልበቃ እንገዛለን። ከመሄዳችን በፊት በወረቀት ላይ ጽፈን የምንይዛቸው አምስት ነገሮች እነሆ። እኔ አንዳቸውንም ሳልይዝ ነበር የሄድኩት።

ሀ/ የፕሮሰሰሩ መቀመጫ ዓይነት። ይህም «ሶኬት» ይባላል፤ ከግድግዳው የመብራት ሶኬት ጋር አይምታታ። በኢንቴል በኩል ኤልጂኤ 775 የሚባለው አሮጌው መቀመጫ ቀዳዳዎቹ በ72 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ኤልጂኤ 1155፣ 1150፣ 1151 እና 1200 በ75 ሚሊ ሜትር ሲሆኑ እርስ በርስ ይዋዋሳሉ። ኤልጂኤ 1700 ደግሞ 78 ሚሊ ሜትር ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ እኔን ያሰናከለችኝ እርሷ ናት። ኤኤምዲ የራሱ የተለየ መቀመጫ አለው።

ለ/ ቁመት። ክዳኑን ከፍተን ከፕሮሰሰሩ አናት ጀምሮ ክዳኑ እስከሚያርፍበት ድረስ በማስመሪያ እንለካ። ለምሳሌ ያህል ኩለር ማስተር ሃይፐር 212 የሚባለው እንደ ማማ የቆመ ማቀዝቀዣ 159 ሚሊ ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ የሚሆነው ሰፊ ኬዝ ላላቸው ብቻ ነው። የኦስትሪያው ኖክቱዋ የሠራው ኤንኤች-ኤል9አይ ደግሞ 37 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ ለቀጫጭን ኬዞች ይሆናል። አጭር ማቀዝቀዣ ግን ቅጠሉ ትንሽ ስለሆነ ለብዙ ዋት አይበቃም።

ሐ/ ዋት። በካርቶኑ ላይ «ቲዲፒ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ኮር አይ 3-4130 54 ዋት ነው፤ ኮር 2 ዱዎ ኢ8400 65 ዋት ነው። በአዲሶቹ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ኮር አይ 5-12400 «65 ዋት» ይባላል እንጂ ሲበረታ እስከ 117 ዋት ይወጣል። በእኛ አየር ላይ ከሚያስፈልገው ዋት ከፍ ያለ አቅም ያለውን መምረጥ ይገባል። ትርፉ አቅም በጸጥታ ይመለስልናል፤ ፋኑ መሮጥ አይኖርበትምና።

መ/ የፋኑ ዓይነት። ባለ አራት ሽቦ የሆነው ፋን ፍጥነቱን ማዘርቦርዱ እንደ ሙቀቱ ይወስንለታል፤ ጧት ቀዝቀዝ ሲል ዝም ይላል፣ ቀትር ላይ ይነሣል። መሽከርከሪያው በተራ ቡሽ የሆነው ርካሽና ሲገዛ ጸጥተኛ ነው፤ በሙቀት ግን ቅባቱ ቶሎ ይደርቃል። ባለ ኳሱ ሙቀት ይችላል፣ ትንሽ ይሰማል። በፈሳሽ ቅባት ላይ የሚንሳፈፈው ሁለቱንም ያሟላል፣ ዋጋው ይበልጣል። ለእኛ ከኋለኞቹ ሁለቱ አንዱ ይመረጥ። አንዳንድ ታዋቂ ኩባንያዎች ለቢሮ የሚሠሯቸው ኮምፒዩተሮች የራሳቸው የሆነ የፋን መሰኪያ ስላላቸው የሽቦውን ጫፍ ፎቶ አንሥቶ መሄድ ነው።

ሠ/ የአያያዙ ሁኔታ። በብሎንና በጀርባ ሰሌዳ የሚያዝ ማቀዝቀዣ በፕላስቲክ እግር ከሚያዘው ይልቅ አጥብቆ ይይዛል። ከባድ ከሆነ ኮምፒዩተሩ በመኪና በሚጓጓዝበት ጊዜ ማዘርቦርዱን እንዳይጎዳ ኬዙ ተጋድሞ ይጫን።

መብራቱንስ? መብራት አንዲት ዲግሪ አያወርድም። ባዶ ጣሳ ጩኸቱ እንደሚበዛ ሁሉ፣ አብረቅራቂ ሆኖ ቅጠሉ ትንሽ የሆነ ማቀዝቀዣም ገበያ ላይ ሞልቷል። በእጃችን አንሥተን ቅጠሉን እንቁጠር፤ የመዳብ ቧንቧዎቹን እንቁጠር።

፯. የውሃ ማቀዝቀዣ ይሻላልን?

ይህን ብዙ ጓደኞቼ ጠይቀውኛል። የውሃ ማቀዝቀዣ ፈሳሹን በፓምፕ እያዞረ ሙቀቱን ወደ ራዲያተር ይወስዳል፤ እንደ መኪና ማለት ነው። ለታላላቅ ማሽኖች በፈሳሽ ማቀዝቀዝ የቆየ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው ክሬይ-2 የተባለው ልዕለ ኮምፒዩተር ሰሌዳዎቹ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ፈሳሽ ውስጥ ተነክረው ነበር የሚሠሩት። ለትምህርት ቤት ግን አልመክርም። ራዲያተሩም ፋን አለው፣ አቧራም ይይዛል፤ ፓምፑ ሲቆም በአካባቢያችን የሚቀይር ሰው ማግኘት ይቸግራል። በአየር የሚሠራው ግን ፋኑ ቢሞት ሌላ ፋን ታስሮበት ይቀጥላል። መምህር ራሱ ሊጠግነው የሚችለው ዕቃ ይሻላል።

ማጠቃለያ

«ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ነውና በየምንመደብበት ትምህርት ቤት ይህን ተራ እናውጣ፦

• በየሳምንቱ የክፍሉ መሬት በውሃ ተረጭቶ ይጠረግ፤ የኬዙ ውጭ በጨርቅ ይወልወል።
• በየወሩ የኬዙ የአየር መግቢያና መውጫ ቀዳዳ በብሩሽ ይጽዳ። በአቧራ ወራት በየሁለት ሳምንቱ ይሁን።
• በየሴሚስተሩ ክዳኑ ተከፍቶ ከፋኑ ሥር ያለው አቧራ ይውጣ፤ የባዮሱ ቁጥር በደብተር ይመዝገብ።
• ቁጥሩ ካለፈው ሴሚስተር ከፍ ብሎ ከታየና አቧራ ከሌለ ፔስቱ ይቀየር።
• ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተሻለ፣ አምስቱ ነገሮች ተጽፈው፣ ያኔ ይገዛ።

ለዚያች ተማሪ በማግሥቱ መልስ ሰጥቻታለሁ፤ «አንቺ አይደለሽም፤ አቧራ ነው» ብዬ ብሩሹን አሳየኋት። እርሷም «ታዲያ እኛ መጥረግ እንችላለን እኮ» አለችኝ። አሁን በዚያ ክፍል የጽዳቱ ተራ የተማሪዎች ሆኗል፤ ገመዱን ነቅሎ የሚሰጣቸው ግን መምህሩ ነው።

በጽሑፌ ውስጥ ስሕተት ያገኘ መምህር ወይም ሠልጣኝ እርማቱን ከዚህ ወረቀት ጎን ይለጥፍልኝ። በየሴሚስተሩ የተመዘገበ ቁጥር ያለውም ሰው ቢያመጣልኝ ለሚቀጥለው ዕትም የየክፍሉን ሙቀት በሠንጠረዥ አቀርባለሁ።